ጋሽ ጭቃና አሥራ አንደኛው ቋጠሮ

ሰው በስሙ መጠራቱ ቀርቶ በሥራው መጠራት ሲጀምር ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ተከብሯል ወይ ተሹፎበታል። የኛ ሰው ሁለቱንም አይቷል። ከተማው በሚጠጣው የውሃ ግድብ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠራ ኖሮ፣ ጡረታው ሲቃረብ «ጭቃው» አሉት፣ ለመሳቅ። በሦስተኛው ዓመት ያው ሰዎች «ጋሽ ጭቃ» አሉት፣ ለማክበር። ዛሬ በየትኛውም ቢጠሩት ዞር አይልም። እንዴት እዚህ እንደደረሰ እነግራችኋለሁ፤ ግን ገለልተኛ እንድሆን አትጠብቁ። ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር ቆሽቴ ያርራል።

እናቱ ሸክላ ሠሪ ነበረች። አፈር የምትመርጠው በምላሷ ነው። ቆንጥራ አፏ ውስጥ ትጨምራለች፤ ጥርሷ ላይ ከተንቀጫቀጨ አሸዋ አለው ብላ ትተፋዋለች፤ ምላሷ ላይ ከተለጠፈ ዝም ብላ ትቆፍራለች። አንድ የማትሽረው ሕግም ነበራት። ማሰሮ ተተኩሶ ሲወጣ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁ የሚታወቀው በጣት ሲያንኳኩት በሚሰጠው ድምፅ ነው፤ እሷ ግን የራሷን ማሰሮ አንኳኩታ አታውቅም። ጎረቤት ትጠራለች። ጎረቤቲቱ እያንኳኳች «ይሄ ደህና፣ ይሄ ሰንጥቋል» ስትል እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች። «የሠራ ሰው ጆሮ ያደላል» ትለው ነበር ልጇን። «የራስህ ልጅ ሲጮህ፣ ሲዘፍን ነው የሚመስልህ።»

ልጅ ሆኖ ያስተዋለው ሌላም ነገር አለ። ከቤታቸው በታች ያለው ኩሬ ሙቀት ሲበረታ አረንጓዴ ሽፋን ይለብሳል። እናቱ አፈር የምታጥብበትና ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበት ጥግ ግን ሁልጊዜ ጥርት ያለ ነው። ለምን ብሎ ቢጠይቃት፣ «ጭቃው ይዞት ይወርዳላ» አለችውና ሥራዋን ቀጠለች። እሷ ረስታዋለች። እሱ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አልረሳውም።

ግድቡ ላይ ሥራው ጀልባ መቅዘፍ፣ ቆሻሻ ማውጣትና የውሃውን ከፍታ መመዝገብ ነበር። ከግድቡ ብዙም በማይርቅ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ልብስ ሰፊ ከሆነችው ሚስቱ ጋር ይኖራል፤ ልጆቹ አድገው ወጥተዋል። ሕይወቱ ይኸው ነበር። ከዚያ አረንጓዴው ወደ ግድቡ መጣ።

አልጌ የሚባለው ነገር ዓይነቱ ብዙ ነው፤ አብዛኛው ማንንም አይነካም። ይህኛው ግን መርዘኛ ነበር። ውሃው ላይ አንድ በርሜል የዘይት ቀለም የተደፋ መሰለ። በሳምንት ውስጥ አራት ጥጆች ዳር ላይ ጠጥተው እዚያው ተዘረሩ፤ የዋኙ ልጆች ቆዳቸው እንደተቃጠለ ሁሉ ቀላ። መሥሪያ ቤቱ እንደ ጨው የደቀቀ፣ መዳብ ያለበት ሰማያዊ መድኃኒት አስመጥቶ በተነ። ውሃው ጠራ። በማግስቱ ግን ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ከዳር እስከ ዳር ተንሳፈፈ። አሥጋሪዎቹ የሞተውን በቅርጫት ተሸክመው መጡና ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፉት። ወረቀቱ ሁሉ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ከረመ። መድኃኒቱ ታገደ። የተረፈው ጆንያ ከፓምፕ ቤቱ ጀርባ ባለች ክፍል ተቆለፈበትና ቁልፉ ሞተረኛው ዘንድ ቀረ።

ሞተረኛው ፓምፑን የሚያንቀሳቅስ ሰው ነው፤ የጋሽ ጭቃ ሚስት ታናሽ ወንድም። ሥራውን ያስገኘለት ጋሽ ጭቃ ነው። ሲያገባ ሽማግሌ ሆኖ የሄደለትም፣ ሲታመም ያስታመመውም እሱ ነው። አማች ከመባል አልፈው ወንድማማች ሆነው ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ የኛ ሰው እጁን አነሣ። ሠላሳ ዓመት በስብሰባ እጅ አንሥቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ሰዉ ታሞ ለመውጣት የሚያስፈቅድ መሰለው። «ጭቃ እንበትንበት» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መሐንዲሱ እንባውን እየጠረገ፣ «ውሃ ለማጥራት ጭቃ ከተባለማ፣ ልብስም ለማድረቅ እንንከረው» አለ። «ጭቃው» የሚለው ስም የወጣለት በዚያች ቅጽበት ነው።

እሱ ግን ዝም ብሎ አልመጣም። ለወራት የግድቡን ውሃ በጠርሙስ እየቀዳ ቤቱ መስኮት ላይ ሲደረድር ነበር፤ ሚስቱ «ይሄ ቤት ነው ወይስ ፋርማሲ?» እያለች የምትሰፋውን ጨርቅ የምታነጥፍበት ቦታ አጥታለች። ነገሩ እንዲህ ነው። ደቃቅ የሸክላ አፈር ውሃ ውስጥ ሲገባ አረንጓዴዋን እየለቀመ ያጣብቃታል፤ ትከብድና ትሰምጣለች። አፈሩ ብቻውን ግን ብዙ ይፈጃል። ትንሽ የእንዶድ አረፋ ሲቀላቀልበት ይፍታታል፣ ጥቂቱ የብዙውን ሥራ ይሠራል። እንዶድ ከበዛ ደግሞ ዓሣ ይገድላል። ስለዚህ ሁሉም ነገር ያለው ልኩ ላይ ነው፤ ስንት ጆንያ አፈር፣ ስንት ባልዲ እንዶድ። ይህ ሰው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከዓለም የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ልኩን ማወቅ። ሹመት አልፈለገም፣ ምስጋና አልፈለገም። ልኩን።

«አንድ ጊዜ ሞክር» አለው ሥራ አስኪያጁ። «ካልሆነ ግን በር ትጠብቃለህ፤ ስለ ጭቃም ሁለተኛ አንሰማም።»

ሙከራውን ሲያዘጋጅ የእናቱን ሕግ ግድቡ ላይ አመጣው። የውሃ ጥራት የሚለካው በነጭ ሳህን ነበር። ከሳህኑ ሥር ድንጋይ ይታሰራል፤ በየስንዝሩ ቋጠሮ ባለው ገመድ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ሳህኑ ከዓይን ሲጠፋ ስንት ቋጠሮ እንደገባ ይቆጠራል። ውሃው በአረንጓዴ ሲሸፈን ከአንድ ቋጠሮ አያልፍም። ደህና ዘመን አሥራ አንድ ይገባል። «ቀላቅሎ የበተነ ሰው አያነብም» ብሎ ወሰነ። ማለዳ ነፋስ ሳይነሣ፣ አረንጓዴው ላዩ ላይ ሲንሳፈፍ፣ በጀልባ እየዞረ ይበትናል። ከዚያ ቤቱ ይገባል። እስከ ሦስተኛው ቀን በዚያ ዝር አይልም። ሳህኑን የሚያወርደው ሞተረኛው ነው።

«ለምን እኔ?» አለው ሞተረኛው።

«አንተ ለማንም አታደላማ» አለው።

በመጀመሪያው ዓመት አርባ ጆንያ አፈርና ስድስት ባልዲ እንዶድ ገባ። ሁለቱን ቀን አልጋው ላይ ተጋድሞ ጣሪያ ሲቆጥር ዋለ። በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ሞተረኛው ቱታውን እንደለበሰ እየሮጠ መጣ።

«አሥራ አንድ!»

«ደግመህ ቆጠርክ?»

«ሦስቴ ነው የቆጠርኩት ጋሼ።»

የኛ ሰው በሩ ላይ ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ሳቀ። ሚስቱም አቀፈችውና አለቀሰች፤ የእሷን ለቅሶ ደስታ ነው ብሎ ተረጎመው። ግድቡ ዳር ወርዶ ውሃውን በዓይኑ ሲያየው የሳሎን መስተዋት ሆኗል። ጥቂት ዓሣ ሞቶ ሲንሳፈፍ አየና፣ «እንዶዱ በዝቶብኝ ነው» ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈ።

በሁለተኛው ዓመት አረንጓዴው ተመልሶ ሲመጣ አፈሩን ወደ ሃያ አምስት ጆንያ፣ እንዶዱን ወደ አራት ባልዲ ዝቅ አደረገ። አሥራ አንድ። አሁንም ትንሽ ዓሣ ሞቷል። በሦስተኛው ዓመት አሥራ ሁለት ጆንያና ሁለት ባልዲ ብቻ። አሥራ አንድ። ልብስ ለማድረቅ እንንከረው ያለው መሐንዲስ «ጋሽ ጭቃ፣ እንዴት አደርክ» ብሎ ባርኔጣውን አነሣለት። ሥራ አስኪያጁ በመስታወት ፍሬም ያለ የምስክር ወረቀት ሰጠው። እሱ ደብተሩን ከፍቶ በትልቁ «ልኩ ተገኘ» ብሎ ጻፈና ሥሩን ሁለቴ አሰመረበት።

ሦስት ዓመት፣ ሦስት ልክ፣ አንድ ውጤት። እናንተ ብትሆኑ አትጠረጥሩም? «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይኖራል ስንጥር» ይባላል። ግን ማንን ይጠርጥር? ያነበበው ወንድሙ ነው። ቁጥሩን ሲሰማ አብራው ያለቀሰችው ሚስቱ ናት።

ዝናው የአንድ ቀን መንገድ ወደሚርቅ ሌላ ከተማ ደረሰ። የእነሱም ግድብ አረንጓዴ ለብሷል፤ ስፋቱም ከዚህኛው ጋር እኩያ ነው። ጋበዙት። አሥራ ሁለት ጆንያ አፈሩን በጭነት መኪና ጭኖ፣ እንደ ሙሽራ ተላጭቶ ሄደ። ሕዝቡ ዳር ላይ ተሰብስቦ ይጠብቀው ነበር። በማለዳ ጨረሰና ከጀልባው ሳይወርድ ቆሞ፣ «በሦስተኛው ቀን ከብቶቻችሁን አጠጡ» አለ። ቃሉን የሰጠው በእርግጠኝነት ነው። ለምን አይሰጥም? ሦስት ጊዜ ተፈትኗል።

በሦስተኛው ቀን ሳህኑን ያወረደችው የዚያ ከተማ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ልጁ ልትሆን የምትችል፣ ቁጥብ ሴት። እሱ እንደ ልማዱ ከእንግዳ ማረፊያው አልወጣም። እሷ ራሷ መጣች። አልሮጠችም።

«ሁለት ነው፣ አባቴ» አለችው።

«አሥራ ሁለት ማለትሽ ነው?»

«ሁለት።»

ሁለት ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ለከብት የሚሆን ሌላ ውሃ ከሩቅ መጎተት ያቃታቸው አንዲት ባልቴት፣ በሦስተኛው ቀን ከንባቡ በፊት ማልደው አንዲት ላማቸውን ወደ ግድቡ ነድተዋት ነበር። የኛ ሰው ሲደርስ ላሚቱ እግሮቿን ዘርግታ ዳር ላይ ተኝታለች፤ አፏ ላይ አረፋ አለ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። ባልቴቷ አልተሳደቡም፣ አልጮሁም። ቀና ብለው አይተውት፣ «ሦስተኛው ቀን አይደለም እንዴ ያልከው? ቀን መቁጠርማ አውቃለሁ» አሉ። ቢራገሙት ይሻለው ነበር።

መጀመሪያ ጥፋቱ የአፈሩ መሰለው። ከጆንያው ቆንጥሮ በሰው ፊት ቀመሰ፤ ያው አፈር ነው፣ ምላሱ ላይ ልክ እንደ በፊቱ ተለጠፈ። ባለሙያዋ ሲያኝክ አይታው ቆየችና፣ «እናንተ ግድብ ላይ ሌላ የምትጨምሩት ነገር የለም?» ብላ ጠየቀችው።

«ምንም የለም።»

«እስቲ ከግድባችሁ ሥር ያለውን ጭቃ አምጡልኝ። ቱቦ ሰክታችሁ፣ ሳይደፈርስ፣ እንደ ተደራረበ።»

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ክንድ የሚሆን ቱቦ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ አውቶቡስ ላይ እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ ታቅፎ ወሰደላት። ጠረጴዛዋ ላይ ለሁለት ሰነጠቀችው። ከጥቁሩ ደለል መሐል ቀይ የሸክላ መስመር ታየ። ወፍራም ነው። ከሱ በላይ ሌላ አለ፣ ሳሳ ያለ። ከዚያም በላይ ፈትል የምታህል። የሦስት ዓመት ሥራውን ሲያየው ይህ የመጀመሪያው ነበር። «እኔ ነኝ ይሄ» አላት፣ በጣቱ እያሳየ፣ ትንሽ ኮራ ብሎ።

ባለሙያዋ ከየመስመሩ እየቆነጠረች መረመረች። ሻይ ጠጥቶ እስኪመለስ ውጤቱ ወጥቶ ነበር።

«አባቴ፣ ይሄ ሁሉ መዳብ አለበት። በእያንዳንዱ መስመር ላይ። በየዓመቱ አንድ ሰው እርስዎ በበተኑ ማግስት፣ ወይም በዚያው ቀን፣ ሰማያዊውን መድኃኒት ጨምሯል።»

«ተቆልፎበታል እኮ» አለ። ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ ትዝ አለው።

እሷ ያልጨረሰችው ነበራት። «መድኃኒቱ አረንጓዴውን ያፈነዳዋል። ሲፈነዳ በውስጡ የነበረው መርዝ ውሃው ውስጥ ይፈስሳል። ውሃው ለዓይን ይጠራል፤ የሚጠጣው ሰው ግን…»

«ልጄ፣ ይበቃል» አላት።

መንገዱን ሙሉ በመስኮት ሲያይ መጣ፤ ያየው ነገር ካለ እንጃ። ያሰላስል የነበረው ስሌቱን ነው። የሞተው ዓሣ የእንዶዱ ጥፋት አልነበረም፤ እሱ ግን በራሱ ላይ ፈርዶ እንዶዱን ቀነሰ። ውሃው የጠራው በአፈሩ አልነበረም፤ እሱ ግን ሲሠራ አየሁ ብሎ አፈሩን ቀነሰ። በውሸት ላይ እየተማረ በየዓመቱ ከእውነቱ ሲርቅ ኖሯል። ደብተሩ ላይ ሁለቴ ያሰመረበት ልክ ባዶ ውሃ ነው ማለት ይቻላል። ያንን ይዞ ሄዶ የሰው ላም ገደለ።

ፓምፕ ቤቱ ሲደርስ ሞተሩ እየጮኸ ነበር። ሞተረኛው ፊቱን አየና ሳይጠየቅ ማጥፊያውን ተጫነ። ጸጥ አለ። ከቧንቧ የሚንጠባጠብ ውሃ ብቻ ይሰማል።

«መቼ ነው የጨመርከው?» አለው ጋሽ ጭቃ።

ሞተረኛው ለመካድ አልሞከረም። ጨርቅ አንሥቶ እጁን መጥረግ ጀመረ፤ ንጹሕ እጅ ነበር። «ያው አንተ እንደሄድክ» አለ። «ከሰዓት በኋላ።»

«የመጀመሪያውንም ዓመት?»

«የመጀመሪያውንም።»

«አንድ ቀን እንኳ አልጠበቅክም? አርባ ጆንያ በትኜ? ሳህኑን አንዴ አውርደህ አላየህም?»

«አላየሁም።»

«ካላየህ እንደማይሠራ በምን አወቅህ?»

ሞተረኛው ጨርቁን አጣጥፎ አስቀመጠ። ሊያሾፍ አይደለም፤ ከልቡ ነው የመለሰው። «ጋሼ» አለ፣ «ጭቃ ነዋ።»

ሥራ አስኪያጁ ስቆበታል። መሐንዲሱ ስቆበታል። ወንድሙ አልሳቀም፤ አዘነለት። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ጠላት ሰውን ቢጥል ገፍቶ ነው፣ ይህ ግን አቅፎ ጣለው። ዱላ ቢኖር ይመታው ነበር። እጁ ላይ ያለው የተሰነጠቀ ቱቦ ብቻ ነው።

«ደግሞ ከራሴ አይደለም» አለ ሞተረኛው፣ ሊሄድ ሲል ከኋላው። «እሷ ናት የለመነችኝ። በር ጠባቂ ካደረጉት ይሞትብኛል ብላ፣ እግሬ ላይ ወድቃ።»

ሚስቱ ስፌት ላይ ነበረች። ሲገባ ቀና ብላ አየችው፤ መኪናዋን ማንቀሳቀስ አቆመች። መርፌው ጨርቁን እንደ ወጋ ቀረ። ለረጅም ጊዜ ሲጠበቅ የኖረ ነገር ሲመጣ ሰው እንደሚያደርገው፣ ትከሻዋ ወረደ።

«ወንድሜ ነገረህ?»

«ጭቃው ነገረኝ» አለ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነበር ያልኩት» አለች። «አንዴ ካለፈ ይረሱታል ብዬ። ከዚያ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ስትነሣ… እንዴት ይቁም? ምን ብዬ ልንገርህ? ደስ ብሎህ ነበር። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ አይቼህ አላውቅም።»

«የሳቅኩት በምን ነበር ታዲያ? የሳቅኩበት ነገርኮ የለም።»

አሁን ሌላ ነገር እየታየው ነበር። በየዓመቱ፣ እሱ አልጋ ላይ ተጋድሞ ውጤት በሚጠብቅባቸው ሳምንታት፣ ሚስቱ የቧንቧውን ውሃ «ሽታ አለው» እያለች ትታ ከእህቷ ግቢ ጉድጓድ በጀሪካን ታስቀዳ ነበር።

«የእህትሽ ጉድጓድ» አለ። «ለዚህ ነበር?»

ሚስቱ ፊቷን በምትሰፋው ጨርቅ ሸፈነች። ለባሏ መርዝ አላጠጣችም፤ ተጠንቅቃለታለች። ከተማው ግን ጠጥቷል። ይህን አውቃ ሦስት ዓመት አብራው በልታለች፣ አብራው ተኝታለች፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የምስክር ወረቀት በየሳምንቱ ከአቧራ ጠርጋለች። እኔ እንኳ፣ ለፍቅር ስትል ነው እያለ የሚሟገትላት ሰው ሲያጋጥመኝ፣ አፌን ይዤ ነው የማልፈው። ፍቅር ከሆነ ሰውየውን ሰው አድርጎ የማያይ ፍቅር ነው።

«አንዲት ላም ሞታለች» አላት። «በኔ ቃል።»

«የማን ላም?»

የምስክር ወረቀቱን ከግድግዳ አወረደና ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄደ፤ ሁሉንም ነገረው። ሥራ አስኪያጁ በሩን ዘጋ። «ውሃው ጠርቷል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የጠራ ውሃ የሚከስ ሰው የለም። ጡረታህ ቀርቧል፤ ዝም ብትል ላንተም ለኛም ጥሩ ነው።» እሱ ዝም አላለም፤ ለባለሙያዋ በእጁ ጽፎ ላከላት፣ እሷም ለሚመለከተው ክፍል አስተላለፈችው። ሰማያዊው ጆንያ ተጭኖ ሄደ። ሞተረኛው ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወረ። ከተማው ግን የተቆጣው በጋሽ ጭቃ ነው፤ አታላዩ ሌላ እንጂ እሱ አለመሆኑ ለማን ይዋጥለት? ከ«ጋሽ» ወደ «ጭቃው» ለመመለስ አንድ ሳምንት አልፈጀበትም። ምንም አልመሰለውም። ልቡ ሌላ ቦታ ነበር፤ አፈሩ ይሠራል ወይስ አይሠራም? በሕይወቱ አንድ ነገር ሊያውቅ ፈልጎ፣ ያንን ብቻ እንዳያውቅ የቤቱ ሰዎች ተባብረውበታል።

አርባ ጆንያ አዘጋጀ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ አየችው። «እኔ ልምጣና ላንብብልህ» አለች። «በእናቴ አጥንት፣ ያየሁትን ብቻ ነው የምነግርህ።»

«ማንም ይሁን» አላት። «አንቺ ብቻ አትሁኚ።»

ወደዚያኛው ከተማ ሲመለስ በቀጥታ የሄደው ባልቴቷ ቤት ነው። በረቱ ባዶ ነበር። ገመዱ ምሰሶው ላይ እንደታሰረ ነው። ሳህኑን እንዲያወርዱለት ሲለምናቸው እብድ መሰላቸው።

«አገር ሙሉ ሰው እያለ እኔ?»

«እርስዎ አያዝኑልኝም፣ እማማ።»

አዩት። ባዶውን በረትም አዩ። «አላዝንልህም» አሉ።

አርባውን ጆንያና ስድስቱን ባልዲ በማለዳ በተነ። ከብት እንዲጠጣ ለማንም አልተናገረም። ሦስት ቀን ጠበቀ። በሦስተኛው ቀን ባልቴቷ ጀልባው አፍንጫ ላይ ተቀምጠው ገመዱን በእጃቸው እየለቀቁ ሳህኑን አወረዱ፤ እሱ ዳር ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ቆጥረው ሳቡ። ደግመው አወረዱ፣ ደግመው ሳቡ።

«አምስት» አሉ።

ዞረ። «አምስት?»

«አምስት ነው። አንተን ደስ እንዲልህ ስድስት አልልም። ላም ቢኖረኝ ከዚህ አላጠጣትም።»

አምስት መጥፎ ቁጥር ነው። አምስት ሊታመን የሚችል ቁጥርም ነው። ከሁለት ይሻላል፤ እንግዲህ አፈሩ በእውነት ይሠራል፣ ግን አልበቃም። ምን ያህል እንደጎደለው አሁን ማስላት ይችላል። በአራት ዓመት ውስጥ ከባለሙያዋ ሌላ መጥፎ ቁጥር በፊቱ የነገሩት እኚህ ያስቀየማቸው ሴት ብቻ ናቸው።

ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት።

«እህስ?» አለች። «ስንት ገባ?»

ውሃውን አየው። አረንጓዴው ሳስቷል፣ አልጠፋም።

«አሥራ አንድ» አላት።

«እሰይ!» አለች። ስታለቅስ ይሰማዋል። «እሰይ፣ ድሮም ይሠራል ብዬ ነበር እኮ! አሁን ደስ አለህ?»

«አዎ፣ ደስ ብሎኛል» ብሏት ስልኩን ዘጋ።

ባልቴቷ ገመዱን መጠቅለል አቁመው ያዩት ነበር። «አምስት ነው ያልኩህ እኮ» አሉ።

«ሰምቻለሁ፣ እማማ» አለና ደብተሩን ከፍቶ አምስት ብሎ ጻፈ።